መንገዱ ሲመሰክር

የጉዞ መጽሐፍ ከልብ ወለድ ድርሰት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የልብ ወለድ ደራሲ ከተማውንም ወንዙንም በሐሳቡ ፈጥሮ ሊያኖር ይችላል፤ «ይህ መንደር የት ይገኛል?» ብሎ የሚከሰው አንባቢ የለም። የጉዞ መጽሐፍ ጸሐፊ ግን ተራራውን በስሙ፣ ወንዙን በስሙ፣ የቀኑን መንገድ በሰዓት ቆጥሮ ሲጽፍ ከአንባቢው ጋር ውል መግባቱ ነው። «እኔ ያለፍሁበትን አንተም ብታልፍበት ታገኘዋለህ» ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ውል የሚፈተነው በመንገዱ ላይ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ቆላ ስለሚወርደው መንገድ ከተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ የጄምስ ብሩስ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ልዩ ታሪክ አለው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ የተወለደ ሰው ነው። የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በተከታዩ ዓመት ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ በዙፋን ላይ የነበሩት ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ ሥልጣኑ በእጃቸው የነበረው ግን ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ብሩስ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አግኝቶ በቁስቋም ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይን አየ። ከዚያ በኋላ እንደ አመጣጡ በምጽዋ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በምዕራቡ ቆላ ወርዶ፣ ዛሬ መተማና ገዳሪፍ በሚባሉት አገሮች አልፎ ስናር ገባ፤ ከስናርም በሸንዲና በበርበር በኩል ታላቁን በረሃ አቋርጦ አስዋን ደረሰ። ይህ ሁሉ አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት።

መጽሐፉን ያሳተመው ወደ ሀገሩ ከተመለሰ ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤዲንብራ፣ በ5 ቅጽ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ገና ሳይታተም ጸሐፊው ውሸታም ተብሎ ነበር። በለንደን ሳሎኖች ተቀምጦ ያወጋውን ወሬ የሰሙት ሰዎች ከፊሎቹ ሳቁበት። በተለይም ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ ሕዝብ የተናገረውን እንደ ተረት ቆጠሩት። መጽሐፉ ከታተመ በኋላም፣ በቅጥፈቱ የታወቀው የባሮን ሙንካውሰን ወግ ተከታይ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1792 ሲወጣ በብሩስ ላይ ለማላገጥ ስሙ ተጠራበት።

ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው የታወቀ የእንግሊዝ ደራሲ መሆኑ ያስገርማል። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፏል። ይህም አንድ የኢትዮጵያ ልዑል ከተዘጋበት ሸለቆ ወጥቶ እስከ ካይሮ ስላደረገው ጉዞ የሚተርክ ነው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሱት በእኛም ሀገር የታወቀ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ የሚያውቃት ቀደም ሲል ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው ከጀርኒሞ ሎቦ የጉዞ መጽሐፍና ከመሳሰሉት ነበር። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ በሐሳብ ወደ ካይሮ ሲጓዝ የተረከው ሰው፣ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በእግሩ ካይሮ የደረሰውን ሰው ተጠራጠረ ማለት ነው። የሐሳቡ ጉዞ ሲመሰገን የእግሩ ጉዞ ተዋረደ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያሳስበኝ ነበር። ያን ሁሉ ክርክር ሲከራከሩ፣ በመንገዱ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች የጠየቀ ማን ነበር? ጥሬ ሥጋ ይበላ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለመመስከር የጎንደር ሕፃን ይበቃ ነበር። አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። የመንገድም ነገር በመንገደኛው ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ ሐሳብ ነው በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት በሆነ ጊዜ፣ ስለ መንገዱ የሚናገሩትን የብሩስ ምዕራፎች ቅጂ በቦርሳዬ ይዤ ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የተጓዝሁት። ጥርን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ብሩስም ይህን ቁልቁለት የወረደው በዚያው ወር ነበርና፣ እሱ ያየውን ሣር በደረቀበት፣ ወንዙንም በጎደለበት ወቅት ለማየት ፈልጌ ነው።

የመኪናው መንገድ በአዘዞ አድርጎ በጭልጋ በኩል ይወርዳል። ብሩስ ግን ከዚህ ወደ ሰሜን ባለው ቆላ በኩል ነበር የሄደው። «ቸርኪን» ብሎ በጻፈው ስፍራ የወይዘሮ አስቴር ልጅ የአይቶ ክንፉ ቤት ነበረ። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የራስ ሚካኤልም ባለቤት ናቸው። ብሩስ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናብቻቸዋለሁ ያላቸውን ወይዘሮ አስቴርን በዚያ ቆላ ድንገት አገኛቸው፤ ከክንፉም ጋር ዝሆንና ጎሽ ሲያድን ሰነበተ። የመኪናው መንገድና የእግሩ መንገድ ከላይ ቢለያዩም መድረሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም ከ2000 ሜትር ከሚበልጠው የጎንደር ደጋ ከ800 ሜትር በታች ወደ ሆነው የመተማ ቆላ ይወርዳሉ። ከጭልጋ በታች ካፖርት ይወልቃል፤ ከዚያም ሹራብ ይወልቃል፤ ገንዳ ውኃ ሲደረስ የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ደጋው የገብስና የባሕር ዛፍ ነው፤ ቆላው የዕጣን ዛፍ፣ የሰሊጥና የማሽላ ነው።

በአውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአህያ፣ በኋላም በጭነት መኪና ወደ ሱዳን ጠረፍ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ወረቀቶቼን ሳገላብጥ አይተው «መምህር፣ ምን የሚያስጨንቅ ደብዳቤ ነው?» አሉኝ።

«ደብዳቤ አይደለም፣ አባቴ፤ ከ240 ዓመት በፊት በዚህ ሀገር ያለፈ አንድ ፈረንጅ የጻፈው ነው» አልኋቸው።

«ያለፈበትን ስም ጠርቷል?»

«ጠርቷል፤ ነገር ግን አጻጻፉ እንግዳ ነው።»

«እንግዲያው ጥራልኝ» አሉኝ።

እኔም ብሩስ በራሱ ፊደል እንደ ሰማው የጻፋቸውን ስሞች አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። «ራስ ኤል ፊል» ስል ፈገግ ብለው «የዝሆን ራስ ማለቱ ነው፤ ፊል በዐረብኛ ዝሆን ነው» አሉ። ራስ የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም አንድ መሆኑን ያኔ አስተዋልሁ። ብሩስ በጎንደር ሳለ የዚህ የራስ ኤል ፊል አገር ገዥነት በስም ተሰጥቶት ነበር፤ እሱም ያሲን የተባለውን እስላም ምስለኔ አድርጎ ሾመበት። በኋላም በዚያ ሲያልፍ በክብር የተቀበለው ይኸው ያሲን ነው። ቀጥዬ «ሆር ካካሙት» አልሁ። ሽማግሌው «ኾር ደረቅ ወንዝ ነው፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ መንገድ ይሆናል» ብለው ተረጐሙልኝ፤ የቀረውን ግን አላወቁትም። ብሩስ የስሙን ትርጉም «የሞት ጥላ ሸለቆ» ብሎታል። «ሙት» የሚለውን ድምፅ ለመረዳት ለአማርኛ ተናጋሪም ሆነ ለዐረብኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቀጥሎም ብሩስ በዚህ ቆላ ከብቶችን የሚፈጅ አንድ ነፍሳት እንዳለና ስሙም «ዚምብ» እንደሚባል መጻፉን ስነግራቸው ሳቁ።

«ዝምብን ዝምብ ቢል ምኑ ያስገርማል?» አሉ።

በእርግጥ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በለንደን የነበረው አንባቢ ይህን ቃል የሚመሰክርለት ሰው አልነበረውም። ብሩስ በጥቁር አፈር ላይ የሚኖሩት ከብት አርቢዎች ክረምት ሲገባ ይህን ዝምብ ሸሽተው ወደ አሸዋማው ምድር እንደሚሰደዱ ጽፏል። እሱ ካለፈ ከ90 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በዚሁ አገር የተጓዘው ሳሙኤል ቤከርም ዐረቦቹ በክረምት ከጭቃውና ከዝምቡ ሸሽተው ወደ ሰሜን እንደሚሄዱ አይቶ መስክሯል።

ሆር ካካሙት ብሩስ እንደ ለካው ከዛሬዋ መተማ ብዙ የማይርቅ ስፍራ ነው። በዚያ ብሩስ በተቅማጥ ታመመ፤ ሊሞትም ደረሰ። ያዳነው የአገሬው ሰው የሰጠው የአንድ ተክል ሥር ነው። የተክሉንም ስም «ውጊኖስ» ብሎ ጽፏል። ይህ ባላገር ሁሉ የሚያውቀው ዋጊኖስ ነው። ብሩስ ሥዕሉንና ዘሩን ይዞ ስለ ሄደ የዕፀዋት ሊቃውንት ተክሉን በስሙ «ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ» ብለው ሰየሙት፤ ሁለተኛው ቃል ተቅማጥን የሚከላከል ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየውን ውሸታም ያሉት ሰዎች ልጆች የዋጊኖስን ስም በሳይንስ መጽሐፋቸው ሲያነቡ፣ የሆር ካካሙትን ሕመምና ያዳነውንም ያልታወቀ ባላገር ሳያውቁት ያስታውሳሉ።

መተማ ዮሐንስ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ከተማይቱ ይህን ስም ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር በተደረገው ጦርነት በዚህ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ከሞት ጥላ ሸለቆ ብዙ ሳይርቅ አንድ ንጉሠ ነገሥት መሞታቸውን ሳስብ፣ የመንገዱ ስሞች ከተጓዡ ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳላቸው ተሰማኝ። ድንበሩ በበጋ የሚደርቅ ትንሽ ወንዝ ሲሆን በላዩ ድልድይ አለው። ከወዲህ መተማ፣ ከወዲያ ጋላባት ናት። ብሩስ በዚህ ሲያልፍ እንዲህ ያለ የድንበር መስመር አልነበረም፤ አንዱ ገዥ ለሌላው መንገደኛውን የሚያስረክብበት ጠረፍ ብቻ ነበር።

ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ አፈሩም ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው መኪናም ግመልም ያስቀራል። የማሽላው አገዳ ታጭዶ ቆረኑ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ለዕረፍት ባቆመበት ስፍራ ወርጄ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቁጥቋጦ ጠጋ ስል የፈለግሁትን አገኘሁ። ብሩስ ከሆር ካካሙት ወደ ፊት ሲጓዝ «ራሺድ» ከተባለ የውኃ ስፍራ ደርሶ፣ የቁጥቋጦዎቹ ቅርንጫፎች በነጭና በቀይ ቀንድ አውጣ ዛጎል ተሸፍነው በማየቱ እንደ ተደነቀ ጽፏል። ከባሕር በራቀ ምድር፣ በደረቅ እንጨት ላይ ዛጎል ማለት ለሩቅ አንባቢ ቅጥፈት ይመስላል። ነገር ግን የዚህ ምድር ቀንድ አውጣ በጋውን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ከሚጋለው አፈር ወደ ቁጥቋጦ ይወጣል፤ የዛጎሉን አፍ በራሱ ልጋግ ደፍኖ እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል። እኔም ከእሾኹ ላይ ነጭ ዛጎል ለቅሜ በእጄ ያዝሁ። ክብደቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር።

ገዳሪፍ ከሩቅ የምትታወቀው በረጃጅም የእህል ጎተራዎቿ ነው። በማሽላና በሰሊጥ ገበያዋ በምሥራቅ ሱዳን የታወቀች ከተማ ናት። ሳሙኤል ቤከር «ካታሪፍ» ብሎ ጽፏታል፤ ሱቅ አቡ ሲን የሚለው የቀድሞ ስሟም በእሱ መጽሐፍ አለ፤ አቡ ሲን የሹክሪያ ዐረቦች ገዢ ቤተሰብ ስም ነው። በብሩስ መጽሐፍ ግን ገዳሪፍ የምትባል ከተማ የለችም። በእሷ ፋንታ «ተአዋ» የተባለች፣ የአትባራ አገር ሹም የሚቀመጥባት መንደር አለች። ይህቺ ተአዋ የት ነበረች?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው ሰማይ ነው። ብሩስ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንትና ቴሌስኮፕ ይዞ ይጓዝ ስለ ነበር ያደረበትን ስፍራ ኬክሮስ እየለካ ይጽፍ ነበር። የጎንደርን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ብሎ ጽፏል፤ የዛሬው ካርታ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ይላል። ልዩነቱ በምድር ላይ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተአዋን ያስቀመጣት ከ14 ዲግሪ ጥቂት እልፍ አድርጎ ነው፤ ገዳሪፍም የምትገኘው በ14 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ግድም ነው። እርግጥ ኬክሮስ የሚናገረው ስለ ሰሜንና ደቡብ ብቻ ነው፤ ምሥራቁንና ምዕራቡን አይወስንም። ስለዚህ ብቻውን ግማሽ ምስክር ነው። ሁለተኛው ምስክር ስሙ ነው። ከገዳሪፍ ከተማ ዳር «ተዋዋ» የሚባል ሰፈር አለ። የሁለቱን ስሞች ዝምድና ጆሮ ይሰማዋል።

በተአዋ ሼክ ፊደል የተባለው ሹም ብሩስን አልለቅም ብሎ ገንዘቡን ሊነጥቀው፣ ሕይወቱንም ሊያጠፋው አሰበ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ብሩስን የረዳው የሚያውቀው የከዋክብት ትምህርት ነው። በመጪው ዓርብ ጨረቃ እንደምትጨልም አስቀድሞ ተናገረ። ጨረቃም እንደ ተናገረው ጨለመች፤ ሹሙም ፈራ። ብዙ ሳይቆይ ብሩስ ተለቅቆ ጉዞውን ቀጠለ። ይህም ተረት ቢመስል አይፈረድም። ዳሩ ግን የጨረቃ ግርዶሽ እንደ ሰው ወሬ አይደለም፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ተሰልቶ ይገኛል። የቀኑ ስሌት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1772 ዓርብ ቀን እንደ ነበረ፣ ጨረቃም በዚያ ዕለት ሙሉ እንደ ነበረች ያሳያል። ብሩስ ከሞተ በኋላ እንኳ ሰማይ ስለ እሱ ይመሰክራል።

ይህን ሁሉ ስል መጽሐፉ ከእንከን የጸዳ ነው ማለቴ አይደለም። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ለማለት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽን ያየውን የጴድሮ ፓኤዝን ምስክርነት ክዷል። ከዚህም ይብሳል። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ እስከ ምንጩ ድረስ አብሮት ተጉዞ ነበር፤ በኋላም በጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን ይህ ሰው በግሽ አብሮት እንደ ነበር ሳይጽፍ ቀረ። ስለዚህ የለንደን ሰዎች በተሳሳተው በኩል ከሰሱት። ስለ ዝምቡ፣ ስለ ዋጊኖሱ፣ ስለ ዛጎሉና ስለ መንደሮቹ እውነቱን ጽፎ ሳለ በዚያ አላመኑትም፤ የጓደኛውን ስም ሲሰውር ግን በወቅቱ ያየው አልነበረም። ቦታ ቆሞ ስለሚጠብቅ ይመሰክራል። የሞተና ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን ከታሪኩ ሲጣል አቤት የሚልበት የለውም።

ይህ ነገር ወደ ሌላ ሐሳብ መራኝ። በገዳሪፍ በአንዲት የቡና መሸጫ ዳስ ገብቼ ተቀመጥሁ። ባለቤቷ ጠና ያሉ፣ የጎንደር ንግግር ያልለቀቃቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። የተዋዋን መንገድ ብጠይቃቸው «ተዋዋን እኔ እንዴት እረሳታለሁ?» አሉና ታሪካቸውን አጫወቱኝ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከዘመዶቻቸው ጋር በእግራቸው ወርደው በተዋዋ የስደተኞች ሰፈር ዓመታት ኖረዋል። በዚያ ዘመን በዚህ መንገድ የወረደው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከትግራይና ከጎንደር በራብና በጦርነት የተፈናቀለው ገበሬ ኡም ራኩባ በመሳሰሉት ሰፈሮች ተጠልሏል። ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች የተነሡት ቤተ እስራኤላውያንም ኢየሩሳሌምን ተስፋ አድርገው በሌሊት እየተጓዙ እስከ ገዳሪፍ ወርደዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ሥራ በሺሕ የሚቆጠሩት ከሱዳን በአውሮፕላን ተወስደዋል፤ በሺሕ የሚቆጠሩት ደግሞ በመንገድና በሰፈር አልቀዋል።

«እማማ፣ ያለፉባቸውን መንደሮች ያስታውሷቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መንደር ምን ያደርግልናል፣ ልጄ? ከመንደር እንሸሽ ነበር እንጂ። እኛ የምንቆጥረው ውኃ ነው» አሉ፤ ጣታቸውንም እያጠፉ ይቆጥሩ ጀመር። «ገንዳ ውኃ አንድ። ጓንግ ሁለት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የአገሩን ስም አናውቀውም። እኛው ስም አወጣንለት።»

«ምን ብላችሁ?»

ጥቂት ዝም ብለው ጀበናውን ከፍም ላይ አነሡ። «መራራ ውኃ የምንለው ነበረ፤ አህያይቱ የወደቀችበት የምንለው ነበረ። አንዱን ደግሞ የእናቴ ውኃ እንለዋለን። እስዋ እዚያ ቀረች።»

ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች በዚያን ጊዜ ሌላ ትርጉም ሰጡኝ። ብሩስም ከሆር ካካሙት እስከ ተአዋ ያለውን መንገድ የጻፈው ከውኃ ወደ ውኃ እየቆጠረ ነው። ሁለቱ መንገደኞች፣ አንዱ ኳድራንት የያዘ፣ ሌላይቱ ባዶ እጇን የሆነች፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን መንገዱን ለክተውታል። ልዩነታቸው አንድ ነው። የብሩስ ውኃዎች በ5 ቅጽ መጽሐፍ ተጽፈው ሊቃውንት ሁለት መቶ ዓመት ተከራክረውባቸዋል። የእኒያ ሴት ውኃዎች ግን በጣታቸው ላይ ብቻ ያሉ ናቸው። የእናታቸውን ውኃ በካርታ ልፈልገው ብል የሚረዳኝ መጽሐፍ የለም።

ከዚያ ጉዞ በኋላም መንገዱ አላረፈም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ ከ1977ቱ ዘመን የሚታወቀው ኡም ራኩባም ዳግመኛ የስደተኞች ሰፈር ሆነ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደቱ አቅጣጫውን ለወጠ፤ ሱዳናውያንና ሌሎችም በገዳሪፍና በጋላባት አድርገው በዚያችው ትንሽ ድልድይ ወደ መተማ ተሻገሩ። አንዱ ትውልድ ሲወርድበት የነበረውን ሌላው ወጣበት። እነዚህም ሁሉ ውኃ ቆጥረዋል፤ ላላወቁት ስፍራ ስም አውጥተዋል። አንድ ቀን «ይህ ሆኗልን? የትስ ሆነ?» የሚል ጠያቂ ይነሣባቸዋል። የሩቅ ሰው በሳሎኑ ተቀምጦ ይሆናል ወይም አይሆንም ብሎ ይፈርድ ይሆናል።

ስለዚህ የጉዞ መጽሐፍ ስታነቡ ካርታ ዘርግታችሁ አንብቡ። ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ በባዕድ ፊደል የተበላሸ የሀገራችሁ ቃል ይሆናልና። ከተቻለም የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ። ደራሲው የጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልጻፈውን ጓደኛውንም ፈልጉ። ከዚህ ቀጥሎ በየቤታችሁ ያሉትን፣ በእግራቸው ረጅም መንገድ የተጓዙትን አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከየት ተነሡ? በስንት ቀን ደረሱ? በየትኛው ውኃ አደሩ? ማን በየትኛው ቀረ? መልሱን ዛሬውኑ፣ ቀኑንና የቦታውን ስም ለይታችሁ ጻፉ። እኔ የእኒያን ሴት የውኃ ቁጥር በብሩስ ምዕራፍ ኅዳግ ላይ፣ ከራሺድ ጎን፣ እንደ ነገሩኝ በተራቸው ጽፌዋለሁ፤ ገንዳ ውኃ፣ ጓንግ፣ መራራ ውኃ፣ አህያይቱ የወደቀችበት፣ የእናቴ ውኃ።